የቃጫ ማርሚታ

«ቅዳሜ እመጣለሁ ብዬ ልኬ የለም እንዴ?» አሉኝ፣ የወርክሾፑን በር ገና ሳልፍ። «ምነው ልጄ፣ ሥራ ቦታዬ ድረስ?»

ቁመታቸው አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ጆሯቸው ላይ እርሳስ የሰኩ ሰው ናቸው። የያዝኩትን ሰማያዊ ማኅደር አዩና መዶሻቸውን አስቀመጡ።

«ሁለት ቅዳሜ ብቻ ነው የቀረሁት። የመጀመሪያውን ገበያነሽ አሟት ነው፤ ባለቤቴ ናት። ሁለተኛውን...» ትንሽ አሰቡ። «ሁለተኛውንስ አልዋሽሽም። ተኝቼ ነው።»

የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ መስያቸው ነበር። ያን ሰሞን ከትምህርት የቀሩ ጎልማሶችን ቤት ለቤት የሚፈልጉ ወጣቶች እንደኔ ማኅደር ይዘው ይዞሩ ስለነበር አይፈረድባቸውም። ወዲያው «አይደለሁም» ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ሰው ሲናገር አቋርጬ ማረም አይሆንልኝም። እስኪጨርስ እጠብቃለሁ፤ ሲጨርስ ነገሩ አልፏል።

ከዕቃ ሣጥናቸው ሥር በጋዜጣ የተሸፈነ መጽሐፍ አወጡ። የተገለበጠ በርሜል ላይ ተቀመጡና ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ስለ ውሃ ንጽሕና የሚናገር ገጽ ነበር። ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረው ወፍራም ጣት ከፊደሎቹ ይሰፋል፤ አንዱን ፊደል ለመግለጥ ሌላውን መሸፈን ነበረባቸው። «ጉድ... ጉድጎ...» ሲሉ «ጓ ነው» አልኳቸው ቀስ ብዬ። «ጉድጓድ!» አሉና ቀጠሉ። ገጹ ሲያልቅ ላባቸውን ጠርገው «ስንት አገኘሁ?» አሉኝ።

ይህን ጊዜ የቢሮአችን ጸሐፊ ሸዋዬ በበሩ ብቅ አለች።

«ኧረ እዚህ ናችሁ! ጋሽ ደምሴ፣ ከአዲሷ መሐንዲስ ጋር ተዋወቃችሁ?»

«መሐንዲስ?» አቶ ደምሴ ዞረው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። «ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«እያነቡ ነበር» አልኩ።

ላሜራው ሁሉ እስኪያስተጋባ ሳቁ። ከዚያን ቀን በኋላ ሙሉጌጥ የሚለው ስሜ እሳቸው ዘንድ ተረሳ። «አስተማሪዬ» ይሉኝ ጀመር።

የካቲት 1976 ነበር። ከአምስት ኪሎ በሜካኒካል ምሕንድስና ተመርቄ አዋሳ ከተመደብኩ አምስት ወር ሆኖኛል። መሥሪያ ቤታችን የሚያሠራው አዲስ አዳራሽ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል መድረስ ነበረበት። ግንቡ አልቋል፤ ወንበሩ ገብቷል፤ አየሩ ግን ችግር ሆነ። አዳራሹ ስምንት መቶ ሰው ይይዛል። መስኮቶቹ ከውጭ እንዲያምሩ ተብለው እንዳይከፈቱ ሆነው ተሠርተዋል። አየር የሚያስገባው ከመድረኩ ጀርባ ባለው ክፍል የተተከለው፣ ከወዳጅ አገር የመጣው ትልቅ ቬንትሌተር ነው። አየሩ በላሜራ ቱቦ ጣሪያ ለጣሪያ ሄዶ በየቦታው ይወርዳል። ቬንትሌተሩ ሲነሳ ግን ጩኸቱም በዚያው ቱቦ አብሮ ይወርዳል። በጥር ወር ለሙከራ ስብሰባ ሲደረግ የተናጋሪው አፍ ሲንቀሳቀስ ታየ እንጂ ምን እንዳለ የሰማ አልነበረም። ሲያጠፉት ደግሞ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሰዉ አጀንዳውን አጣጥፎ ማራገብ ጀመረ፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ተደግፋ ወጣች።

ለዚህ የተሠራ ዕቃ አለ። የመኪና ጭስ ማውጫ ማርሚታ እንዳለው ሁሉ የአየር ቱቦም የራሱ ማርሚታ አለው። ትልቅ የላሜራ ሣጥን ነው። ውስጡ ፊታቸው በቀዳዳ የተሞላ ሳንቃዎች በጎናቸው ቆመው ይደረደራሉ፤ የሳንቃዎቹ ሆድ በለስላሳ ነገር ይሞላል። አየሩ በሳንቃዎቹ መሃል ሲያልፍ ድምፁ በቀዳዳዎቹ ገብቶ ለስላሳው ነገር ውስጥ ይቀራል። የእኛም ከቬንትሌተሩ ጋር ተልኮልን ነበር። ሣጥኑ አሰብ ወደብ ቀረ።

«አሰብ አሰብ አትበይኝ» አለ ጓድ ወንድሙ፣ የበዓሉ ዝግጅት ኮሚቴ ሰብሳቢ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ሲናገር ብዕሩን ይከፍታል ይዘጋል። «ዩኒቨርሲቲ ያስተማረሽ ሕዝቡ አይደለም? አገር ውስጥ ባለ ነገር ሥሪው።»

«እሺ» አልኩ። እንዴት እንደሚሠራ አላወቅሁም ነበር።

ያወቁት አቶ ደምሴ ናቸው። ላሜራ ሥራ የተማሩት በልጅነታቸው፣ ዲላ ከቀረ አንድ ጣሊያን ዘንድ ነው። እኔ ልኩን፣ የሳንቃውን ውፍረት፣ የቀዳዳውን ስፋት አስልቼ በወረቀት እሰጣቸዋለሁ፤ እሳቸው ወረቀቱን ገልብጠው፣ አቀራርበው፣ አርቀው አይተው «ይሄ ቁጥር ሦስት ነው ስምንት?» ይሉኛል። ከዚያ በኋላ መጠየቅ የለም። አራት አራት ላሜራ ደርበው በመሰርሰሪያ ይበሱ ነበር። ስምንት ሳንቃ፣ እያንዳንዱ ሁለት ፊት፣ በአንዱ ፊት ከሁለት ሺህ በላይ ቀዳዳ። እስከ ሚያዝያ ፈጀ።

ምሳዬን እቤታቸው እበላ ጀመር። ቤቱ የመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ከወርክሾፑ ጀርባ ያለች ባለሁለት ክፍል፣ በሯ ላይ የፓፓያ ዛፍ፣ ደጇ ላይ የቧንቧ ውሃ። ወይዘሮ ገበያነሽ እግራቸው ስለሚያብጥ ከቧንቧው አልፈው አይሄዱም። «ውሃው ሩቅ ቢሆን ኖሮ እኔ የለሁም» ይሉ ነበር፣ እንደ ተራ ነገር። አቶ ደምሴ ለጡረታ ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። ጡረታ ሲወጡ ቤቱ እንዲተውላቸው ደብዳቤ ተጽፎላቸዋል፤ በመስታወት ተደርጎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አንድ ቀን ከመቀመጫቸው ተነስተው እያንዳንዱን ቃል አነበቡልኝ። «ያለ ምንም የሥነ ሥርዓት ጉድለት አገልግለው ሲያበቁ» ይላል። «ጉድለት» የምትለዋን ሳይሳሳቱ አነበቧት።

«ሃያ ዘጠኝ ዓመት አንድ ማስጠንቀቂያ የለብኝም» አሉ። «ሁለት ዓመት ደግሞ እንደምንም አንገቴን ደፍቼ አልፋታለሁ።»

«መድፋቱንስ ታውቅበታለህ፤ ሥራ ቦታ በርሜል ላይ እንቅልፍ የሚወስድህ ማን ሆኖ ነው?» አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ።

የቸገረን የሳንቃው ሆድ ነበር። በመጽሐፍ ያየሁት የመስታወት ሱፍ አዋሳ አይገኝም፤ አዲስ አበባም ጽፈን መልስ አልመጣም። ጥጥ ሞከርን፤ ይታመቃል። ሣር ሞከርን፤ ይበናል። አንድ ረቡዕ ካሰች የምትባል ከቡሹሎ የምትመጣ ሴት ለመናኸሪያ ገመድ ሠሪዎች የምትሸጠውን ቃጫ ተሸክማ በወርክሾፑ ደጅ ስታልፍ አቶ ደምሴ ጠሯት። ከእንሰቱ ተፍቆ የወጣ፣ ታጥቦ የነጣ፣ የተበጠረ ቃጫ ነው። አንዱን እስር ጆሯቸው ላይ አደረጉና በሌላው እጃቸው ላሜራውን በመዶሻ መቱ። ከዚያ እኔ ጆሮ ላይ አደረጉት።

«ያለሽን ሁሉ አምጪ» አሏት ካሰችን።

«ሁሉን? ምን ልታደርገው ነው?»

«ድምፅ ልናስርበት።»

«ድምፅ!» ካሰች ሳቀች። «እኛ ጋ በዚህ የሚታሰር ላም ነው።» ከዚያ የሳንቃውን ሆድ አየች፤ እጇን ከታ አወጣች፤ ሳቋን ተወች። «ቃጫ ውሃ ይጠጣል፣ ደምሴ። የሐይቁ እርጥበት ይበቃዋል። ይከብዳል፣ ይሸታል፣ ወደ ታች ይወርዳል። በየወሩ ፀሐይ ካልመታው ዋጋ የለውም።»

ስለዚህ ሳንቃዎቹ እንደ መሳቢያ ተስበው እንዲወጡ አድርገን ሠራናቸው። ቃጫው በነፋሱ እንዳይበን ከቀዳዳዎቹ ኋላ አቡጀዲ ለበሰ። በሰኔ መጀመሪያ ማርሚታው ከቬንትሌተሩና ከዋናው ቱቦ መሃል ገባ፤ መጋጠሚያው በጎማ ተጠቀጠቀ። ለሙከራው ጓድ ወንድሙ ከኮሚቴው ጋር መጥቶ ከመጨረሻው ረድፍ ተቀመጠ፤ እኔን ድምፅ ማጉያ በሌለበት መድረኩ ላይ አቆሙኝ። ቬንትሌተሩ ተነሳ። አየሩ ፀጉሬን ሲነካው ይሰማኛል እንጂ ጩኸት የለም።

«ተናገሪ!» አለ ጓድ ወንድሙ።

«ምን ልበል?» አልኩ። ለራሴ ያህል ነበር የተናገርኩት።

«የፈለግሽውን በይ!» አለ ከዚያኛው ጫፍ። አዳራሹ ሁሉ ሳቀ። ድምፄ ያን ያህል ርቆ ሲሰማ በሕይወቴ የመጀመሪያው ነበር። አቶ ደምሴ በሩ ላይ ቆመው ቆባቸውን አውልቀው ያሹት ነበር።

የአያያዙን ደንብ በደብተር ጻፍኩ። በየወሩ አንድ ፀሐያማ ቀን ተመርጦ ሳንቃዎቹ ይወጣሉ፤ አቧራቸው በብሩሽ ይጠረጋል፤ ሙሉ ቀን ፀሐይ ይመታቸዋል፤ ማታ ይመለሳሉ። ፈረምኩበት። አቶ ደምሴ ብዕሩን ተቀብለው «እኔም ላኑርበት» አሉና ከሥሬ ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፉ። እስከዚያ ድረስ በጣታቸው ነበር የሚፈርሙት። ደብተሩን በሲባጎ አስረው ማሽን ክፍሉ ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቀሉት።

በሐምሌ አንድ ቀን ብቻ ፀሐይ ተገኘ። ነሐሴን ሙሉ ዘነበ። ጳጉሜን ሲገባ ቬንትሌተሩ ሲነሳ አዳራሹ የረጠበ ጆንያ ይሸት ጀመር፤ ጩኸቱም በትንሹ ተመልሷል። በዓሉ መስከረም ሁለት ነው። ከበላይ አካል የሚመጣው እንግዳ ከአዲሱ መድረክ ንግግር ያደርጋል ተብሏል። ጳጉሜን አራት ሰማዩ ጠራ። አቶ ደምሴ በጠዋት ስምንቱንም ሳንቃ አውጥተው ከአዳራሹ ጀርባ ግንቡን አስደግፈው ደረደሯቸው። ረፋድ ላይ ሠራተኛው ሁሉ ለሰልፍ ልምምድ ሲጠራ ቢሮዬ ድረስ መጡ።

«አስተማሪዬ፣ ሳንቃዎቹ ፀሐይ ላይ ናቸው። አንቺ ከልምምዱ ስለቀረሽ ዓይንሽን ጣይባቸው።»

«እሺ ጋሼ፣ አያስቡ» አልኩ።

የምጽፈው ሪፖርት ነበረኝ። የወረድኩት ከምሳ በኋላ ነው። ከአዳራሹ ጀርባ ዘፈን ይሰማል። የቀለም ዘመቻ ነበር፤ ከቀበሌ የመጡ ወጣቶችና የኮሚቴው ሰዎች አጥሩን፣ የመንገዱን ጠርዝ ድንጋይ፣ የዛፎቹን ግንድ ሳይቀር እየቀቡ መጥተው ሳንቃዎቹ ላይ ደርሰዋል። ሁለቱ ተቀብተው ያብለጨልጫሉ፤ ቀይ። ሦስተኛውን ጓድ ወንድሙ ራሱ ይዞታል። የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ፣ ላቡ ግንባሩ ላይ፣ ከሁሉ በላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ እየዘፈነ ይቀባል። እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

«መሐንዲሷ መጣች!» አለ። «ይሄን የመሰለ ጥቁር ቆርቆሮ እንግዳው ሲዞር እንዲያየው ነበር? እስቲ ፍረጂ። ያምራል አያምርም?»

ዘፈኑ ቆመ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ቀለሙ ከብሩሹ እየተንጠባጠበ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ይደፍናል፤ ከኋላ ያለው አቡጀዲ ቀይ ሲሆን ይታየኛል። ሁለት ተበላሽተዋል፣ ሦስተኛው ግማሽ ነው፣ አሁን ብናገር አምስት ይተርፋሉ፤ ይህን ሁሉ በውስጤ ቆጥሬያለሁ።

«ያምራል» አልኩ።

«ይጠጣል እኮ፣ ቀለም ይወዳል ይሄ ላሜራ!» አለ አንዱ ወጣት፤ ሁለተኛ እጅ ደረበበት። ዘፈኑ ቀጠለ። ስምንተኛው እስኪያልቅ እዚያው ቆሜ አየሁ።

አቶ ደምሴ ከልምምዱ ሲመለሱ ፀሐዩ ዘንበል ብሎ ነበር። መዳፋቸውን የመጀመሪያው ሳንቃ ላይ አኖሩ፤ አነሱት፤ መዳፋቸው ቀላ። ከዚያ በጣታቸው ጫፍ ቀዳዳ ቀዳዳውን ነኩ፤ መጽሐፍ እንደሚያነቡት።

«ማነው?»

«ኮሚቴው ነው። ጓድ ወንድሙም ነበሩበት።»

«አንቺስ አልነበርሽም?»

«ስደርስ ተቀብተው ነበር» አልኩ።

አመኑኝ። «ምን ታደርጊ» አሉ፤ እኔን ማጽናናታቸው ነበር።

በማግስቱ ከጠዋት ጀምሮ ቀዳዳዎቹን እንከፍት ጀመር። እሳቸው በሚስማር፣ እኔ በሽቦ። ወይዘሮ ገበያነሽ ያበጠ እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው በወስፌ። በእንቁጣጣሽም ዕለት ሠራን፤ በደጃችን ልጃገረዶች እየዘፈኑ አለፉ። ወይዘሮ ገበያነሽ ወስፌያቸውን ሳያቆሙ «የናንተ መንግሥት እንኳን ቀዳዳ አይወድም» አሉ፤ አቶ ደምሴ «ዝም በይ አንቺ» አሏቸው። የሦስት ሳንቃ ፊት ከፈትን። ከፍተንም ብዙ አልረባንም። ቀለሙ አቡጀዲውን አልፎ ቃጫው ውስጥ ገብቶ እንደ ካርቶን አድርቆታል። ወደ ካሰች ላክን፤ ያለው ገና ያልታጠበ እርጥብ ነው አለች።

«ለጓድ ወንድሙ መንገር ነው» አሉ አቶ ደምሴ። «ጩኸቱን ችለው ቬንትሌተሩ እየሠራ ይናገሩ፣ ወይ ስብሰባውን ዛፍ ሥር ያድርጉት፤ አስቀድመው ይወቁት። አንቺ ንገሪው። እኔ ብነግረው ሥራ የሸሸሁ ነው የሚመስለው። አንቺን ይሰማሻል።»

ሄድኩ። ጓድ ወንድሙ ስልክ ይዞ ነበር፤ በእጁ ተቀመጪ አለኝ። አልተቀመጥኩም። እንግዳው ስለሚቀመጥበት ወንበር፣ ስለ አበባ፣ ስለ ለስላሳ መጠጥ ተነጋገረ። ሲዘጋው «እሺ መሐንዲሷ፣ ሁሉ ነገር ተሟልቷል?» አለኝ።

«ትንሽ...»

«ትንሽ ምን?»

«ማርሚታው ላይ ትንሽ ሥራ ይቀራል።»

«ጨርሱታ!» አለ፤ ስልኩ እንደገና ጮኸ።

አቶ ደምሴ በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። «ነገርሽው?» አሉኝ። «ነግሬያቸዋለሁ» አልኩ። «ምን አለ?» «ጨርሱት አሉ።» ከንፈራቸውን መጠጡና ሳንቃዎቹን መልሰው ወደ ሣጥኑ አስገቡ።

መስከረም ሁለት አዳራሹ ሞልቶ በየመተላለፊያው ሰው ቆሞ ነበር። እንግዳው ሲነሳ ጭብጨባው ብዙ ቆየ። ጭብጨባው ሲበርድ የቬንትሌተሩ ድምፅ ቀረ። ድምፅ ማጉያውም እሱኑ ተቀብሎ ያጎላው ጀመር፤ እንግዳው ሲናገር የሚሰማው ጉምጉምታ ብቻ ሆነ። የኋላ ረድፎች ጆሯቸው ላይ እጃቸውን አደረጉ። ጓድ ወንድሙ እየሮጠ ወደ ማሽን ክፍሉ ሄዶ አስጠፋው። ሃያ ደቂቃ ያህል ደህና ነበር። ከዚያ ሙቀቱ መጣ። እንግዳው አንገቱን ጠረገ፣ ወረቀቱን ጠረገ፣ ውሃ ጠጣ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ከነወንበራቸው ተንሸራተቱ። እንግዳው ካልተነበቡት ገጾች ብዙዎቹን አጥፎ ኪሱ ከተተና መፈክሩን ብቻ አሰምቶ ወረደ።

በማግስቱ ጠሩን። ከጓድ ወንድሙ ጋር ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ተቀምጠዋል፤ አንዱ ይጽፋል። አቶ ደምሴ ኮት ለብሰው ነበር። ደብተሩ ከሚስማሩ ተፈቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ጥያቄው ወደ እኔ መጣ።

«ሳንቃዎቹን ከቦታቸው ያወጣቸው ማነው?» አለ የማይጽፈው።

«አቶ ደምሴ ናቸው።»

«በዓሉ ሦስት ቀን እንደቀረው እያወቀ?»

«ያውቁ ነበር።»

«ደንቡ ነው ጌታዬ» አሉ አቶ ደምሴ። «በየወሩ ይወጣል። እዚያ ተጽፏል።»

ጓድ ወንድሙ ደብተሩን ገለጠ። «እውነት ነው፤ ተጽፏል። የአንቺም ፊርማ አለበት።» ቀና ብሎ አየኝ። ብዕሩን ከፈተ፣ ዘጋ። የአውራ ጣቱ ጥፍር ዙሪያ ቀይ ቀለም ቀርቶበታል። «ጳጉሜን አራት ይውጣ ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«ቀኑን እኔ አልወሰንኩም» አልኩ።

እውነት ነበር። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር። ስለ ቀለሙ ግን የጠየቀኝ የለም። አቶ ደምሴ «ልጄ ታውቃለች፤ ቀለሙን እሷ ትንገራችሁ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። ክፍሉ ትንሽ ነበር፣ ቬንትሌተርም አልነበረውም። በሹክሹክታ ብናገር እንኳ ሁሉም ይሰማኝ ነበር። የጓድ ወንድሙን ጥፍር አየሁ፤ እሱም እኔ የማየውን አየና እጁን ከጠረጴዛው ሥር አደረገ።

«ስለ ቀለም አይደለም ጥያቄው» አለ የማይጽፈው።

የሚጽፈው ሰው ጽፎ ጨረሰና ወረቀቱን ለአቶ ደምሴ ገፋላቸው። የማኅተም ቀለሙን ከፍቶ አቀረበላቸው። «በጣትህ አድርግ።»

«ማንበብ እችላለሁ» አሉ።

ጣታቸውን መስመሩ ላይ አኖሩ። ጮክ ብለው ነበር የሚያነቡት፤ ሌላ አነባበብ አያውቁም። ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስም፣ የሥራ መደባቸውን አለፉ። የሚጽፈው ሰው ሰዓቱን አየ። «የማርሚታውን... ሳንቃዎች... ሆን...» ቆሙ። ወደኋላ ተመልሰው እንደገና ጀመሩ። «ሆን ብሎ... ለ... አሻጥር... ከቦታቸው... ያወጣ...»

ጣታቸውን ሳያነሱ ቀና ብለው አዩኝ።

«ሆን ብሎ ነው የሚለው፣ አስተማሪዬ? በትክክል አነበብኩ?»

«አዎ» አልኩ። «በትክክል አንብበዋል።»

ብዙ አዩኝ። ያን ቀን ወርክሾፑ ውስጥ የጠየቁኝን፣ ምነው ዝም አልሽ የሚለውን፣ አልጠየቁኝም። ጓድ ወንድሙ «ፈርም፤ ብትፈርም ይቀልልሃል» አለ። የማኅተም ቀለሙን ወዲያ ገፉና ብዕር ለመኑ። ስማቸውን ከነአባታቸው ጻፉ፤ በደብተሩ ላይ እንደጻፉት፣ አንድም ፊደል ሳያጓድሉ።

አቶ ደምሴ አሥራ ሰባት ቀን ታስረው ከሥራ ተሰናበቱ። ጥቅምት አሥር ቤቱን አስረከቡ። ካሰች ቡሹሎ ግቢዋ ውስጥ አንድ ክፍል ሰጠቻቸው፤ ውሃው ከወንዝ ነው። ወይዘሮ ገበያነሽን በጋሪ ሲወስዷቸው ቢሮ ነበርኩ። በኅዳር አጋማሽ ሣጥኑ ከአሰብ መጣ፤ ሁለት ሠራተኛ ተሰጥቶኝ የፋብሪካውን ማርሚታ በአራት ቀን ገጠምነው።